20.9 ስላሳየ ሰንሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም

የቦይለር ወይም የፈርነስ ኦክስጅን ሰንሰር ላይ ችግር አለ ሲባል ብዙ ቴክኒሻን መጀመሪያ ሚያደርገው ነገር ሰንሰሩን ከጭስ ማውጫው አውጥቶ አየር ላይ ማየት ነው። ስክሪኑ 20.9 (ተራ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ፐርሰንት) ካለ "ሰንሰሩ ሰላም ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው" ተብሎ ተመልሶ ይታሰራል። በዚህ ስራ ላይ ካየኋቸው ልማዶች በጣም ሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አየር ላይ 20.9 ማሳየት የሞተ ሰንሰርም ይችላል። ለምን እንደሚችል ከገባችሁ ደግሞ የቀረው የፍተሻ ቅደም ተከተል በራሱ ጊዜ ይመጣላችኋል፣ ስለዚ ከዛ ልጀምር።

ማወራው ጭስ ማውጫ ውስጥ ተሰክተው ስለሚቀመጡት፣ የራሳቸው ሄተር ስላላቸው የዚርኮኒያ ሰንሰሮች ነው። ውስጣቸው ያለው ሴል ከዚርኮኒያ የተሰራ ሴራሚክ ነው፣ ኢትሪያ ተቀላቅሎበታል፣ በሁለቱም ፊቱ ላይ ስስ ፕላቲነም ተቀብቷል። አንዱ ፊት ጭሱን ያያል፣ ሌላው ፊት ደግሞ ንጹህ አየር ያያል፣ ይሄን አየር ሪፈረንስ አየር እንለዋለን። ሴራሚኩ በደንብ ሲግል የኦክስጅን አየኖች በውስጡ ማለፍ ይጀምራሉ፣ በሁለቱ ፊት ያለው የኦክስጅን መጠን ከተለያየ ደግሞ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ስሌቱ ዋልተር ነርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 ካወጣው ቀመር ነው ሚመጣው፣ እስካሁንም እሱን ነው ምንጠቀመው። ለኛ ስራ ሲቀለል እንዲህ ነው፦ ሚሊቮልቱ ማለት 0.0496 ሲባዛ የሴሉ ሙቀት በኬልቪን፣ ሲባዛ ደግሞ የ20.95 ለጭሱ ኦክስጅን ፐርሰንት ሲካፈል ሚመጣው ቁጥር ሎግ (ቤዝ 10)።

ሴሉ 736 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሚሰራ ከሆነ፣ ማለትም ወደ 1009 ኬልቪን፣ ኦክስጅኑ አስር እጥፍ በቀነሰ ቁጥር ሚሊቮልቱ በ50 ገደማ ይጨምራል። 8% ኦክስጅን ላይ 21 ሚሊቮልት አካባቢ፣ 2% ላይ 51፣ 0.4% ላይ 86። አየር ላይ ግን ሁለቱም ፊት አንድ አይነት ኦክስጅን ነው ሚያዩት፣ ልዩነት የለም፣ ስለዚ 0 ሚሊቮልት። ዜሮን ደግሞ በየትኛውም ሙቀት ብታባዙት ያው ዜሮ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋር ነው። የሲግናል ገመዱ ሾርት ቢሆን ምታገኙት 0 ሚሊቮልት ነው። ሴሉ ተሰንጥቆ ጭሱና ሪፈረንስ አየሩ ቢገናኙ ወደ 0 ይወርዳል። ሴሉ ከሚገባው በታች ቢሞቅ ሚሊቮልቱ ያንሳል፣ ከውጪ አየር ቢገባበት ያንሳል፣ ሪፈረንስ አየሩ ኦክስጅን ቢያጥረው አሁንም ያንሳል። ሁሉም ወደ ዜሮ፣ ማለትም ወደ 20.9። አየር ላይ ስትፈትኑት ከሪፈረንስ አየሩ ችግር በቀር እነዚህ ብልሽቶች አይታዩም፣ ምክንያቱም ትክክለኛው መልስና የብልሽቱ መልስ አንድ ነው።

ከዚህ ሚከተለው ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን ይገባል። ሰንሰሩ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሚሳሳተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ኦክስጅን ከእውነቱ በላይ አለ እያለ። ኦክስጅን ትሪም (በሰንሰሩ ንባብ ተነስቶ የእሳቱን አየር በራሱ ሚያስተካክል ሲስተም) ያለው ቦይለር ላይ ኮንትሮለሩ ይሄን ያምናል፣ ትርፍ አየር አለ ብሎ ዳምፐሩን (የአየር መግቢያውን በር) ይዘጋል ወይ የፋኑን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሰንሰሩ አሁንም ኦክስጅን ብዙ ነው ይላል፣ እሱ እንደገና ይቀንሳል። እሳቱ አየር ያጥረዋል፣ ጥላሸት ቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ደህና ሆኖ የተሰራ ሲስተም ትሪሙ ከዚህ እስከዚህ ብቻ ይንቀሳቀስ ተብሎ ገደብ ይደረግለታል፣ ግን ገደቡ በጣም ተለጥጦ የተቀመጠበት ቦታም ስላየሁ እሱን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይመቸኝም።

የመኪና ሰንሰርም በዚህ ዘመዱ ነው። የተለመደው ባለ አራት ገመድ ሰንሰር (ሁለቱ ገመድ የሄተሩ ነው) ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መሃል ሚወዛወዘው ማለቴ ነው፣ ሲግናሉ ዜሮ አካባቢ ተቸንክሮ ከቀረ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አንሷል ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። እዛ ነዳጅ በመጨመር፣ እዚህ አየር በመቀነስ፣ ሁለቱም ሚደርሱት ነዳጅ የበዛበት እሳት ጋር ነው። እዛም ሄተሩ ሲበላሽ ነው ነገር ሚጀምረው፣ ፒ0135 ሚለውን ኮድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ግን ወደ ቦይለሩ ልመለስ።

ፍተሻው ከሙቀት ነው መጀመር ያለበት። ሚሊቮልት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ በስንት ዲግሪ የተለካ እንደሆነ ካላወቃችሁ። አብዛኛው ትራንስሚተር (የሰንሰሩን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ፐርሰንት ሚቀይረው ሳጥን) የሴሉን ሙቀት ስክሪን ላይ ያሳያል፣ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ከሴት ፖይንቱ (ሴሉ ሊይዘው ከሚገባው ሙቀት) ጋር አስተያዩት፣ ሴት ፖይንቱ ስንት እንደሆነ ከራሱ ከሰንሰሩ ማኑዋል ውሰዱ፣ 736 ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ ሁሉም ሰንሰር እንደዛ አይደለም።

ሙቀቱ አልነሳም ካለ ፓወሩን አጥፍታችሁና ቆልፋችሁ (ሄተሩ ላይ ያለው ሰው ሚገድል ቮልቴጅ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን በችኮላ አትዝለሉት) ፊውዙን እዩ፣ ከዛ ሄተሩን ከተርሚናሉ ፈታችሁ በመልቲሜትር ኦሙን ለኩ። መስመሩ ከተቆረጠ ሄተሩ አልቋል፣ ክርክር የለውም። ኦሙ ማኑዋሉ ላይ ካለው ጋር ከተቀራረበ ችግሩ ሄተሩ ሳይሆን ፓወሩ አለመድረሱ ነው፣ ወደ ሪሌዩ ወይ ወደ ካርዱ ሂዱ። ኢንሱሌሽኑንም ለኩ፣ ከሄተሩ ተርሚናል ወደ ብረቱ አካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ሰንሰር ሄተሩ ውስጥ ያለው የኢንሱሌሽን ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ኢንሱሌሽኑ ዝቅ ብሎ ሊለካና ሲበራ የሊኬጅ ብሬከሩን ሊያወርድ ይችላል፣ ያኔ ሄተሩ ተበላሸ ብሎ ከመጣል በፊት አድርቆ ደግሞ መለካት ዋጋ አለው።

የሄተር ብልሽት ሲባል ሁሉም ሚያስበው አልሞቅ ማለቱን ነው፣ ከመጠን በላይ መሞቁንም ግን አስቡት። ሄተሩን ሚያበራና ሚያጠፋው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው ሚበላሸው፣ ያኔ ሄተሩ ማቆሚያ የለውም።

ቴርሞካፕሉ (የሴሉን ሙቀት ሚለካው የሁለት ብረት ገመድ) ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ትክክል ነው እያለን ሊያሳስተን ሚችለው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኬ ታይፕ ነው። ኬ ታይፕ 700 ዲግሪ ላይ 29.1 ሚሊቮልት ይሰጣል፣ ይሄ ግን ሌላኛው ጫፍ ዜሮ ዲግሪ ላይ ቢሆን ነው። የሰንሰሩ ጭንቅላት ላይ ያለው ተርሚናል 40 ዲግሪ ከሆነ 1.6 ሚሊቮልት ይቀነሳል፣ ስለዚ መልቲሜትራችሁ ሚያሳየው 27.5 አካባቢ ነው። ይሄን ማያውቅ ሰው 27.5 አይቶ ሙቀቱ ጎሏል ሊል ይችላል።

ቴርሞካፕሉ ከተቆረጠ ደህና ኮንትሮለር ያውቅበታል፣ ሄተሩን ያጠፋና አላርም ይሰጣል። አደገኛው ጭንቅላቱ ውስጥ ሾርት ሲሆን ነው። ያኔ ኮንትሮለሩ ሚያነበው የሴሉን ሳይሆን ሾርቱ ያለበትን ቦታ ሙቀት ነው፣ 50 ወይ 60 ዲግሪ ይላል፣ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሄተሩን ሙሉ ለሙሉ ይለቀዋል፣ ሴሉም ሄተሩም አብረው ይቃጠላሉ። ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ ከታሰረም ተመሳሳይ ነው፣ ሲሞቅ ንባቡ ወደታች ይሄዳል። አዲስ ሰንሰር ከታሰረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቁጭ ብሎ ሙቀቱ እየጨመረ መሆኑን ማየት ለዚህ ነው ሚጠቅመው፣ በምንም ሌላ ስራ አትለውጡት።

ሌላው ደግሞ ሰው ማይጠረጥረው፣ ከሰንሰሩ እስከ ትራንስሚተሩ ያለው ኬብል በኬ ታይፕ ኬብል ፋንታ በተራ የመዳብ ገመድ ተቀጥሎ መገኘቱ ነው። ጭንቅላቱ 70 ዲግሪ፣ ትራንስሚተሩ ያለበት ክፍል 25 ዲግሪ ከሆነ ንባቡ በ45 ዲግሪ ያንሳል፣ ኮንትሮለሩም ሴሉን 45 ዲግሪ አስበልጦ ያሞቀዋል። 2% የነበረው 1.8 ሆኖ ይነበባል፣ ይሄ ከጥቂቶቹ ወደታች ከሚሳሳቱ ብልሽቶች አንዱ ነው። በተቃራኒው ሴሉ በ100 ዲግሪ ቢጎድልና ስሌቱ 736 ነው ብሎ ቢቀጥል እውነተኛው 2% ሆኖ ሳለ 2.5 ያሳያል። ሁለቱም አየር ላይ ስትፈትኗቸው ፍንክች የማይሉ 20.9 ናቸው።

ሙቀቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሊክ፣ ማለትም አየር ሚያስገባ ቀዳዳ ወደ መፈለግ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ካነሰ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ አየር ይስባል፣ ያ አየር ደግሞ በቀጥታ ሴሉ ፊት ከደረሰ ንባቡ ይዘላል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የካሊብሬሽን ጋዝ (የኦክስጅን መጠኑ የታወቀ መፈተሻ ጋዝ) መግቢያው ነው። አንድ ቦይለር ላይ ከጥገና በኋላ ኦክስጅኑ በድንገት ከፍ ብሎ ቀረ፣ በርነሩ አልተነካም፣ ነዳጁ ያው ነው፣ አዲስ ሴል ሊታዘዝ ተብሎ ወረቀቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። የካሊብሬሽን መግቢያው ክዳን ተፈትቶ አልተመለሰም ነበር፣ ክዳኑ ሲገባ ንባቡ ወደ ቦታው ወረደ። ክዳኑ ካለ ደግሞ ቼክ ቫልቩን፣ ከዛ በሴሉና በሰንሰሩ አካል መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ከዛ የፍላንጁን ጋስኬት እዩ።

ሊክ መኖሩን ለማወቅ ሚመቸኝ መንገድ ዝቅተኛ ኦክስጅን ያለበት የካሊብሬሽን ጋዝ ለቅቆ የጋዙን ፍሰት ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ሰንሰሩ ሊክ ከሌለው ፍሰቱ ትንሽ ቢቀየር ንባቡ ብዙም አይነቃነቅም። ፍሰቱን ስትጨምሩ ኦክስጅኑ እየወረደ ወደ ጋዙ ትክክለኛ ቁጥር ሚጠጋ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ አየር እየተቀላቀለበት ነው፣ ጋዙ ሲበዛ አየሩን እየገፋው ነው ማለት ነው።

ሪፈረንስ አየሩን በአጭሩ፦ ደረቅና ዘይት የሌለበት መሆን አለበት፣ ፍሰቱ ማኑዋሉ ባለው ልክ። ከአካባቢው በራሱ አየር ሚወስድ አይነት ከሆነ ጭንቅላቱ ውስጥ ጭስ እየገባ እንዳይሆን እዩ። ሪፈረንሱ ከ20.95 ወደ 18 ቢወርድ እውነተኛው 2% ሆኖ ስክሪኑ 2.3 ይላል። ቀስ እያለ ሚመጣ ስህተት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ካሊብሬሽን። ሁለት ጋዝ ያስፈልጋል፣ ሰርተፍኬት ያለው፣ ለምሳሌ 0.4% እና 8% ኦክስጅን፣ የቀረው ናይትሮጅን። ንጹህ ናይትሮጅን እንደ ዜሮ ጋዝ መጠቀም እዚህ አይሰራም፣ ቀመሩ ሎግ ስለሆነ ዜሮ ኦክስጅን ላይ ትርጉም ያለው ቁጥር የለም፣ ንባቡ የትም ይሄዳል። ጋዙን ስትለቁ ፐርሰንቱን ሳይሆን ጥሬውን ሚሊቮልት እዩ፣ ከቀመሩ ጋር አስተያዩት፣ ካሊብሬት ሚለውን ቁልፍ ከዛ በኋላ ነው ምትጫኑት። ይሄን አጥብቄ ነው ምለው ምክንያቱም ካሊብሬሽን ብልሽትን ሊደብቅ ይችላል፣ ሊክ ያለበትን ሰንሰር ካሊብሬት ካደረጋችሁት ሊኩን ስሌቱ ውስጥ አስገባችሁት ማለት ነው። በሁለቱም ጋዝ ላይ ሚሊቮልቱ በእኩል መጠን ከተንሸራተተ ኦፍሴት (ሁሉም ንባብ ላይ እኩል ሚደመር ስህተት) ነው፣ በአብዛኛው ካሊብሬሽን ያስተካክለዋል። በተመሳሳይ ፐርሰንት ከጎደለ ሙቀቱን ደግማችሁ ተጠራጠሩ። 8% ላይ ደህና ሆኖ 0.4% ላይ በጣም ከጎደለ ደግሞ ወደ ሊኩ ተመለሱ፣ ትንሽ አየር ዝቅተኛውን ጋዝ ነው በጣም ሚያበላሸው።

ጋዙን ስትዘጉም ቶሎ ጥላችሁ አትሂዱ። ንባቡ ወደ ጭሱ ቁጥር ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደበት? ድሮ በሰከንዶች ሚመለስ የነበረ አሁን ደቂቃዎች ከፈጀ ፊልተሩ በአመድ ተደፍኗል ወይ ሴሉ አርጅቷል። የሴሉ እርጅና ደግሞ በኢምፒዳንሱ (በውስጡ ባለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ይታወቃል፣ አዲስ ሲሆን ዝቅ ያለ ነው፣ እያረጀ ሲሄድ ይጨምራል፣ ብዙ ትራንስሚተር ራሱ ለክቶ ያሳያል። በመልቲሜትር የኦም መለኪያ ግን አትሞክሩት፣ የጋለ ሴል ራሱ ቮልቴጅ እያመነጨ ስለሆነ ሚወጣው ቁጥር ውሸት ነው። ሴል ያለ ጊዜው ሚያረጀው ብዙውን ጊዜ ፕላቲነሙ ሲመረዝ ነው፣ በሲሊኮን፣ በሊድ፣ በፎስፈረስ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭስ ደግሞ በሰልፈር። ፍላንጁን ለማሸግ ብሎ ሲሊኮን ማሸጊያ መቀባት ያለ ይመስላል፣ እባካችሁ አታድርጉት።

ይሄ ሁሉ ተፈትሾ ሰንሰሩ ደህና ከሆነስ? ያኔ ሰንሰሩን እመኑት። ጭስ ማውጫው ላይ የተሰነጠቀ ዳክት፣ በደንብ ያልተዘጋ የማያ በር፣ ያለቀ ጋስኬት ካለ አየሩ በእውነት እየገባ ነው፣ ሰንሰሩ ያየውን ነው የነገራችሁ። ከፖርታብል አናላይዘር (በእጅ ሚያዝ የጭስ መለኪያ) ጋር አልገጠመም ብሎ ሴል መቀየርም አለ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ሰንሰር ጭሱን ከነእንፋሎቱ ነው ሚለካው፣ ፖርታብሉ ግን አቀዝቅዞ ውሃውን አውጥቶ ነው ሚለካው፣ ስለዚ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሰራ ቦይለር ላይ አንዱ 3 ሌላው 3.5 ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚለካበት ቦታም ይለያያል፣ ትልቅ ዳክት ውስጥ ኦክስጅኑ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም።

ንባቡ ከጠበቃችሁት በጣም ካነሰ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ መኖሩን ጠርጥሩ። የጋለው ፕላቲነም ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ከኦክስጅኑ ጋር ይቃጠላሉ፣ ሴሉ ሚለካው ከዛ የተረፈውን ነው። 1% ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ ፐርሰንት ኦክስጅን ይወስዳል። ምንም ኦክስጅን ካልተረፈ ሚሊቮልቱ በመቶዎች ይዘላል፣ ይሄን ስታዩ የሰንሰር ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሩጡ ወደ በርነሩ።

ደህንነቱ ላይ ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከ700 ዲግሪ በላይ የጋለ ሴል ያልተቃጠለ ጋዝ ሊያቀጣጥል ይችላል። በርነሩ ሳይበራ ነዳጅ ከገባ ወይ እሳቱ ከጠፋ ሄተሩ በኢንተርሎክ (በራሱ በሚቆርጥ የደህንነት ግንኙነት) መጥፋት መቻል አለበት፣ ፍሌም አሬስተር (እሳት ከሴሉ ወደ ዳክቱ እንዳያልፍ ሚከለክል መረብ) ካለውም ሲጸዳ ተወልቆ እንዳይቀር። ነዳጁ በደንብ ተዘግቶ ቦይለሩ ለአጭር ጊዜ ሚቆም ከሆነ ግን ሄተሩ እንደበራ ይቆይ፣ ከቀዘቀዘ ሰልፈር ያለበት ጭስ ላዩ ላይ የአሲድ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ መሞቅ መቀዝቀዙም ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው፣ ቦይለሩ እየሰራ ሰንሰር ስታወጡ ዳክቱ ውስጥ ያለው ግፊት ፖዘቲቭ ከሆነ ጭሱ ወደ ፊታችሁ ነው ሚመጣው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ደረታችሁ ላይ ይኑር።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ትሪሙን ወደ ማኑዋል አድርጉት፣ አለበለዚያ የካሊብሬሽን ጋዙን እውነት መስሎት ዳምፐሩን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሴል ከቀየራችሁ ሙቀቱ ሴት ፖይንት ስለደረሰ ብቻ ካሊብሬት አታድርጉት፣ ማኑዋሉ ሚለውን ያህል ሰዓት ይረጋጋ። ከዛ በሁለቱ ጋዝ ያገኛችሁትን ሚሊቮልት፣ ኢምፒዳንሱንና ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ከቀኑ ጋር ጻፉ፣ የካሊብሬሽን መግቢያው ክዳን መግባቱን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፣ የጭሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ በፖርታብሉ ለኩ፣ ትሪሙን ወደ አውቶ ከዛ በኋላ መልሱት።